ምግብ የሚሠራው ማን ነው?

ተማሪዋ ነርስ «ቤት ውስጥ ምግብ የሚሠራው ማን ነው?» ብላ ጠየቀች። ባሌ በአገጩ ወደ እኔ ጠቆመና «ሠራተኛችን ናት» አላት።

እኔ ከአልጋው ግርጌ ቆሜ ፒጃማውን እያጣጠፍኩ ነበር። መጀመሪያ የተሳሳትኩ መሰለኝ። የሆስፒታል ክፍል ድምፁ ብዙ ነው፤ አንዱ ያስላል፣ አንዱ በስልክ ይጣላል፣ የምግብ ጋሪው እየተንኳኳ ያልፋል፣ ጆሮ የቱን እንደሚይዝ አያውቅም። ቀና ስል ግን ዓይኑን ከእኔ አሽሽቶ ወደ ጎን አልጋ ሲሰድ አየሁት፤ ነገሩ ያኔ ገባኝ። ጎን አልጋ ላይ የተኛው የድሮ መሥሪያ ቤቱ ዋና ሥራ አስኪያጅ ነበር። ሰውየው ጡረታ ከወጣ ቆይቷል፤ ባሌ ግን አሁንም እሱ ፊት ሲያስነጥስ ይቅርታ ይጠይቃል። የሥራ አስኪያጁ ሚስት፣ ወይዘሮዋ፣ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አድርጋ ጋዜጣ ታነብለታለች፤ ሽቶዋ ከመድኃኒቱ ሽታ ይበልጣል። እኔ ደግሞ ወንበር ላይ ያደርኩ፣ ፀጉሬን በሻሽ ጥፍር አድርጌ ያሰርኩ፣ እግሬ ላይ ነጠላ ጫማ ያደረግሁ ሰው ነኝ። ባሌ ሁለታችንን አስተያየና ቶሎ ብሎ ወሰነ።

ደንግጬ ነው ዝም ያልኩት፤ እየቆየ ግን ዝምታው ጣመኝ።

ተማሪዋ ክፉ ልጅ አይደለችም። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ «እናቴ፣ ይቀመጡ እንጂ» ስትለኝ ነበር፤ ሠራተኛ መሆኔን ስትሰማ «ነይ እስኪ ቅረቢ» አለችኝ። አልተቀየምኳትም፤ የተነገራትን ነው የተቀበለችው። አጠገቤ ቆማ ማስተማር ጀመረች። ልቡና ኩላሊቱ ደክመዋል፤ እግሩ ያበጠው ገላው ውኃ ስለቋጠረ ነው፤ ውኃውን አልለቅም ብሎ የሚይዘው ጨው ነው። ስለዚህ ጨው የለም። ጨው ማለት ደግሞ ዕቃው ውስጥ ያለው ነጩ ብቻ አይደለም፤ የታሸገ ሾርባ፣ የቆርቆሮ ሥጋ፣ የሱቅ ዳቦ፣ ማጣፈጫ እየተባለ በትንንሽ ከረጢት የሚሸጠው ሁሉ ጨው አለበት። ድንች ተልጦ በትንንሹ ይከተፋል፣ በብዙ ውኃ ይቀቀላል፣ ውኃው ይደፋል፣ እንደገና በአዲስ ውኃ ይቀቀላል፤ ኩላሊቱ የማይችለው ነገር ከተደፋው ውኃ ጋር ይሄዳል። ሙዝና ብርቱካን አይነኩም። ሥጋ የመዳፍ ያህል ብቻ፣ እሱም ተቀቅሎ። የሚጠጣው እንኳ በልክ ነው። ምግቡ አልዋጥ ካለው ሎሚ ጠብ ማድረግ ይቻላል።

ነግራኝ ብትሄድ ኖሮ እንደሌላው ምክር ሁሉ በአንድ ጆሮ ገብቶ በሌላው ይወጣ ነበር። የእነሱ አሠራር ግን እንደዚያ አይደለም። የነገሩሽን መልሰሽ በራስሽ አፍ ካልነገርሻቸው አይለቁሽም። ሦስቴ አስደገመችኝ። ሙዙን ስረሳ ከመጀመሪያው አስጀመረችኝ። «መምህራችን ሁልጊዜ፣ በሽተኛውን ሳይሆን ምድጃው አጠገብ የሚቆመውን ሰው ያዙ ትለናለች» አለችኝ። ጋሼ ቢለምኑሽም፣ ቢቆጡሽም እንዳትሰሚያቸው፣ ኃላፊነቱ ያንቺ ነው አለችኝ።

«ቢያለቅሱስ?» አልኳት።

ሳቀች። «ቢያለቅሱም።»

ባሌ አልጋው ላይ ሆኖ ጣሪያ እያየ ይሰማል። ስንት ዘመን ሲያዝዝበት የኖረውን አፉን፣ በገዛ ምላሱ ለእኔ አስረከበ። እኔም ፒጃማውን አጣጥፌ ጨረስኩና ሻንጣው ውስጥ ከተትኩት። ተማሪዋ ከሰዓት በኋላ ከመምህሯ ጋር ቤት ድረስ እንደሚመጡ ነገረችኝ፤ ኩሽናውን አይተው፣ ያበሰልኩትን አይተው ነው ልጅቷ ይህን ትምህርት የምታልፈው። ነገ ወደ ሌላ ሆስፒታል ስለምትዛወር ከዛሬ ሌላ ቀን የላትም። እንግዲያው ከዛሬ ሌላ ቀን ለእኔም የለኝም አልኩ በሆዴ።

ሥራ አስኪያጁም ያን ቀን ነበር የሚወጣው፤ የሳንባ ምች ለቆት ፊቱ ወዝ መልሷል። በመኪና ካላደረስናችሁ አለ። ባሌ እንቢ እንዳይል እሱን እንቢ ብሎ አያውቅም፤ እሺ ብሎ ሲነሳ ግን ላቡ ግንባሩ ላይ ችፍ አለ። ወይዘሮዋ ትነዳለች፣ ባሏ ከፊት ነው፣ እኔና ባሌ ከኋላ። ሻንጣውንና የመድኃኒቱን ከረጢት መካከላችን ከመረው። ወይዘሮዋ በመስታወቱ እያየችኝ ከየት እንዳገኙኝ ጠየቀችው፤ እሷ ጋ አንዷም ዓመት እንደማትደፍን፣ አንዷ ስልክ ስታወራ ልብስ እንዳቃጠለች፣ ሌላዋን ደግሞ ጎረቤት እንደወሰደባት አወራች። ባሌ ከልጅነቷ ጀምሮ እኛው ጋ ናት አላት። ባለቤትዎስ ብትለው፣ ልጃችን ወልዳ እሷን ልታርስ ሄዳለች አለ። መሄዴን የሰማሁት ከእነሱ እኩል ነው። ከዚያ ስለ ዘይት ዋጋ ተነሳ፤ ባሌ የማያውቀውን ዋጋ በትልቁ ገምቶ ተናገረ፤ ወይዘሮዋ «እንደዚያማ ቢሆን ሁላችንም ቅቅል እንበላ ነበር» ብላ ሳቀች፤ እሱም አብሯት ሳቀ። ሰው ሲስቅበት አብሮ የሚስቅ መሆኑን እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር። እኔ ላይ ሲስቅ እንጂ ሌላ ቦታ ሲስቅ አይቼው አላውቅማ።

ቤታችን ደጃፍ ስንደርስ ሥራ አስኪያጁ፣ አልጋህ ላይ ሳላይህማ አልሄድም፣ ፎቅ ወጣ ብለን ሻይ እንጠጣለን አለ። ባሌ ደረጃው ሥር ተደግፎ እንደሚያርፍ ሆኖ ክንዴን ያዘና በጆሮዬ «ቀድመሽ ውጪ፤ የሳሎኑን ፎቶ አውርጂው» አለኝ። በዚያን ቀን ለእኔ ብቻ የተናገረው የመጀመሪያው ቃል እሱ ነው።

ሻንጣውን ተሸክሜ ቀድሜ ወጣሁ። ሳሎናችን ጠባብ ናት፤ ሶፋው እንዳይቆሽሽ ብዬ በሸማ የሸፈንኩት፣ ቴሌቪዥኑ፣ መሐል ላይ ጠረጴዛው፣ ከሶፋው በላይ የሠርጋችን ፎቶ። ወንበር ላይ ቆሜ አወረድኩት። ፎቶው ላይ እሱ ክርኔን ይዞ ቆሟል፤ እኔ ጫማዬ ጠቦኝ ፊቴን አጨፍግጌያለሁ። ግድግዳው ላይ ምስማሩና ነጣ ያለ አራት ማዕዘን ቀረ። ፎቶውን ታቅፌ ትንሽ ቆምኩ። በዚህ ቤት ሳህን ሲገፋብኝ ነው የኖርኩት። ይቀምሳል፣ ከዚያ ሳህኑን በአንድ ጣቱ ገፋ ያደርጋል። ጨው አነሰ። ጨው በዛ። አይጮህም፤ በአንድ ጣት ነው። ልጆቹ ያችን ጣት እያዩ አድገው ወጡ። ሁሉንም ችያለሁ፤ የቻልኩት ሚስቱ ነኝ ብዬ ነው። በር ላይ «የእገሌ ሚስት» ተብዬ እጠራለሁ፣ ለቅሶ ቤት የምቀመጥበት ቦታ አለኝ፣ በዚያ ነበር የምጽናናው። አሁን እሱንም በአገጩ ወሰደብኝ። እንግዲህ ወይ ሰው ፊት፣ በዚያው አፉ፣ ሚስቴ ናት ይላል፤ ወይ ደግሞ ጌታ መሆን ምን እንደሚመስል ያያል። ፎቶውን ቁም ሣጥኑ ውስጥ፣ ከብርድ ልብሶቹ ሥር ከተትኩና በሩን ከፈትኩላቸው።

«ጋሼ፣ እንኳን ለቤትዎ አበቃዎት» ብዬ እጅ ነሳሁ።

ባሌ ዓይኑን አፍጥጦ አየኝ። በሕይወቴ ጋሼ ብዬው አላውቅም። ሥራ አስኪያጁ ግን ትከሻውን መታ መታ አደረገውና «ተባርከሃል፤ እንዲህ ያለ ሰው ከየት ይገኛል» አለው።

ሻይ ብሎ የገባ ሰው ሻይ ጠጥቶ አይወጣም። ባሌ እንደ ጌታ ሊታይ ፈልጎ ምሳ ካልበላችሁ አለ፤ ወደ እኔም ዞሮ ጥሩ ነገር አዘጋጂ አለኝ። ምን ይዘጋጅ ጋሼ አልኩት። ያለውን አለ። ያለውን ሁሉ አዘጋጀሁ። ለእንግዶቹ ሥጋውን በሽንኩርትና በነጭ ሽንኩርት ጠበስኩ፤ ሽንኩርቱ ጠርዙ እስኪጠቁር፣ ቅባቱ እስኪንጫጫ። ሩዙን በቅቤ ለወስኩ። እንቁላል ጠበስኩ፣ ከላይ ጨው ነሰነስኩ። የኩሽናውን በር ገርበብ አድርጌ ተውኩት፤ ሽታው ሳሎን ድረስ ይሂድ ብዬ። በሌላኛው ምድጃ የእሱን ጣድኩ። ድንቹን ላጥኩ፣ በትንንሹ ከተፍኩ፣ ቀቀልኩ፣ ደፋሁ፣ ደግሜ ቀቀልኩ። ጥቅል ጎመን ቀቀልኩ። የመዳፌን ያህል ሥጋ ቀቀልኩ፤ መዳፌ ትንሽ ናት። ሎሚ መስኮቱ ላይ አለ። ልጅቷ ሎሚ ይቻላል አለች እንጂ ግድ ነው አላለችም። ሎሚው እዚያው መስኮቱ ላይ ቀረ።

ሳቀርብ ለእንግዶቹ መሐል፣ ለእሱ ጫፍ ላይ አደረግሁለት። ሳህኑ ላይ ያለው ሁሉ አንድ መልክ ነው፤ እንደታጠበ ጨርቅ ነጭ። ሥራ አስኪያጁ ሥጋውን ጎርሶ ዓይኑን ጨፈነ። ባሌ ከድንቹ ቀመሰ። አኘከ። ጣቱን ሳህኑ ጠርዝ ላይ አሳረፈ፤ ሊገፋው ነበር፤ ሰዎቹን አየና ጣቱን መለሰ። ቀጥሎ ሹካውን ቀስ አድርጎ ወደ ጥብሱ ሰደደው። እኔ እዚያው እጄን አጣምሬ ቆሜያለሁ። ጎንበስ ብዬ ጥብሱን ከፊቱ አሸሸሁት።

«ለእርስዎ አልተፈቀደም ጋሼ። ሲስተር ኃላፊነቱ ያንቺ ነው ብላኛለች።»

እንግዶቹ ሳቁ። ሥራ አስኪያጁ፣ ሆስፒታል ያሉት ነርሶች እንኳ እንደዚህ አይጠብቁህም ነበር አለው። ባሌ ዳቦ እንዳመጣለት ጠየቀ፤ የሱቅ ዳቦ ጨው አለበት አልኩት። ውኃ ጨምሪልኝ አለ፤ ውኃ በልክ ነው አልኩት። ከዚያ በኋላ አልጠየቀም። በዓይኑ ለመነኝ፣ በዓይኑ ተቆጣኝ። ጎመኑን እያላመጠ ፊቱ የቀላው ግን ከበሽታው አልነበረም። ያን ያህል ደስ የሚል ምሳ ቆሜ አሳልፌ አላውቅም።

ሳህኖቹን አንስቼ ኩሽና ስገባ ወይዘሮዋ ተከትላኝ መጣች። በሩን ከኋላዋ ዘጋችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ሥራዬን እንደወደደችው፣ ቤቷ ሰፊ እንደሆነ፣ መስኮት ያለው ክፍል እንደምትሰጠኝ፣ እሑድ እሑድ እረፍት እንደሆንኩ ነገረችኝ። ሰው ቤት ተጋብዛ የሰውን ሠራተኛ ልትወስድ ነው። አልፈረድኩባትም፤ ጎረቤትም ወስዶባታል። እኔ በበኩሌ አንድ ነገር ቆርጬ ነበር፤ ከዚህ በኋላ ለጠየቀኝ ሁሉ እውነቱን እንጂ ሌላ አልናገርም።

«እዚህ ስንት ይከፍሉሻል?» አለችኝ።

«ምንም።»

«ምንም ማለት?»

«ደመወዝ የለኝም። ምግብና መኝታ ነው።»

ፊቷ ተለወጠ። «በዚህ ዘመን! ለመሆኑ መኝታሽ የት ነው? ቤቱ ጠባብ ነው።»

«ጋሼ አልጋ ላይ።»

እጇን ከጠረጴዛው ላይ አነሳች። እኔ ሳህን አጥባለሁ። ቆይታ በሹክሹክታ ልጅ እንዳለኝ ጠየቀችኝ። ሁለት ወልጃለሁ፣ አድገው ወጥተዋል አልኳት። አባታቸውስ አለችኝ። እጄ አረፋ ነበር፤ በአገጬ ወደ ሳሎን ጠቆምኩላት። ወይዘሮዋ «አምላኬ» አለችና ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። ከዚያ ተነስታ እጄን ከነአረፋው ያዘችኝ፤ እውነቷን ነው፣ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ሚስትየው ታውቃለች ወይ አለችኝ። ሁሉንም ታውቃለች አልኳት። ያን ጊዜ በሩ ተንኳኳ፤ ተማሪዋና መምህሯ ደረሱ።

መምህርቷ ረዘም ያለች፣ ፀጉሯ የሸበተ፣ ስትናገር የማትቸኩል ሴት ናት። ሰላምታ ሰጥታ ቀጥታ ኩሽና ገባች። ድስቶቹን ከፈተች፣ የእሱ ለብቻ መሆኑን አየች፣ ከድንቹ አንዷን አንስታ ቀመሰችና ፊቷን ሳትለውጥ ዋጠችው። ተማሪዋ ከኋላዋ ቆማ ጣቶቿን ታፍተለትላለች። መምህርቷ ጠየቀችኝ፣ መለስኩላት፤ ሙዙንም አልረሳሁም። ጎበዝ አለችኝ፤ ለተማሪዋም ራሷን ነቀነቀችላትና ልጅቷ ተንፈስ አለች። ከዚያ ሁላችንም ሳሎን ገባን። ወይዘሮዋ ባሏ አጠገብ ተቀምጣ ጆሮው ሥር የሆነ ነገር እያለችው ነበር፤ ሥራ አስኪያጁ ስኒውን እንደያዘ ቀርቷል። ባሌን አያይም።

መምህርቷ ባሌ አጠገብ ተቀመጠች። ሁሉም ጥሩ ነው አለችው። «አንድ ነገር ብቻ ይቀረኛል። ሠራተኛ ነገ ተነስታ ልትሄድ ትችላለች። ይህ ምግብ ለእርስዎ መድኃኒት ነው፣ አንድ ሳምንት ቢቋረጥ ተመልሰው ይተኛሉ፤ ላይነሱም ይችላሉ። ስለዚህ ከቤተሰብ ኃላፊነቱን የሚወስድ ሰው እፈልጋለሁ። ባለቤትዎ መቼ ይመለሳሉ?»

ባሌ አፉን ከመክፈቱ በፊት ወይዘሮዋ ቀደመችው። ባለቤታቸው ባይመለሱ ይሻላቸዋል አለች። ይህች ሴት ከልጅነቷ ጀምሮ ያለ ደመወዝ ታገለግላለች፣ መኝታዋ እሳቸው አልጋ ላይ ነው፣ ሁለት ልጅ ወልዳላቸዋለች፣ ይህ ሁሉ ሚስት ባለችበት ቤት ነው ብላ አፈረጠችው። ሥራ አስኪያጁ ስኒውን አስቀመጠ። «እውነት ነው?» አለው።

ባሌ ወደ እኔ ዞረ። ያን ዓይን አውቀዋለሁ፤ ሲጨንቀው ብቻ የሚያወጣው ዓይን ነው። አንድ ቃል ብተነፍስለት፣ ፈገግ እንኳ ብልለት፣ ነገሩ ቀልድ ሆኖ ያልፍ ነበር። እኔ እጄን አጣምሬ ቆምኩ። ወይ ያለ ደመወዝ ሠራተኛውን ያስወለደ ሰው ይሆናል፣ ወይ በሚስቱ ያፈረ ሰው ይሆናል። ሁለቱንም በሮች ራሱ ነው የሠራቸው፤ በአንዱ ይውጣ።

«ሚስቴ ናት» አለ።

መምህርቷ አልሰማችውም፤ ምን አሉ አለችው።

«ሚስቴ ናት። እሷ ናት ሚስቴ። ሌላ ሚስት የለኝም።»

ስንት ዘመን የጠበቅኩትን ቃል ሰው ፊት ተናገረ። ተናገረና ማንም አላመነውም። ወይዘሮዋ እጇን አጨበጨበች፤ ሆስፒታል «ሠራተኛችን»፣ መኪና ውስጥ «ከልጅነቷ ጀምሮ እኛው ጋ ናት»፣ አሁን ሲያዝ ደግሞ «ሚስቴ» አለች። ባሌ ተነስቶ ቆመ። የሠርጋችን ፎቶ አለ፣ ይኸው እዩ ብሎ ወደ ግድግዳው ዞረ። ሁሉም አብረውት ዞሩ። ምስማሩን አዩ። «እሷ ናት ያወረደችው!» አለ።

ሥራ አስኪያጁ ረጋ ብሎ «ለምን ታወርደዋለች?» አለው።

ባሌ ትንፋሽ አጥሮት ተመልሶ ቁጭ አለ። ተማሪዋ ገርጥታ፣ የሠራችውን ሥራ ሁሉ ከመጀመሪያው ደግማ እንደምታስብ ሆና፣ ወደ እኔ መጣች። «እናቴ» አለችኝ፣ «እውነት ሚስታቸው ነዎት?»

ሁሉም እኔን ነው የሚያየው። በዚያ ቤት ያን ያህል ሰው የእኔን ቃል ጠብቆ አያውቅም። አልቸኮልኩም።

«እስከ ዛሬ ጠዋት ነበርኩ» አልኳት። «ምግብ የሚሠራው ማን ነው ብለሽ ስትጠይቂው ምን እንዳለሽ አንቺም ሰምተሻል። እኔም ሰምቻለሁ።»

ልጅቷ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ሥራ አስኪያጁ ወደ ባሌ ዞረና «እኔ ምን እላለሁ ብለህ ነው?» አለው። ስድብ ቢሆን ባሌ ይችለው ነበር። ሰውየው እንደማዘን ብሎ ነው የተናገረው፤ ባሌም በዚያች ቃል ከወንበሩ ውስጥ ሲያንስ አየሁት። ይቅር ተባባሉ፣ ሰው ሲታመም ብዙ ይሳሳታል አለና ኮቱን ለበሰ፤ እጁን ግን ለባሌ አልሰጠውም። ወይዘሮዋ በር ላይ ቆማ፣ እርስዎም ቢሆን ሊነግሩኝ ይገባ ነበር፣ እንባዬን እኮ ነው ያወጡት አለችኝ። የጠየቁኝን ሁሉ መልሻለሁ አልኳት። ልትስቅ ምንም አልቀራት፤ ባሏን ተከትላ ወረደች። ደረጃው ላይ ድምፃቸው ሲያጉተመትም ይሰማል። ነገ መሥሪያ ቤቱን የሚያውቅ ጡረተኛ ሁሉ ይሰማዋል፤ ባሌም ይህን ያውቃል፤ ፊቱን በመዳፉ ሸፍኗል።

መምህርቷ ምንም አልፈረደችም። ትንፋሹን አዳመጠች፣ እግሩን ጫን ጫን አድርጋ አየች፣ እንዲያርፍ ነገረችው። ስትወጣ እጄን ጨበጠችኝ። ተማሪዋ ግን ደፍ ላይ ቀረች። መሄድ አልቻለችም። ዓይኗ ወደ ኩሽናው፣ ወደ እሱ፣ ወደ እኔ ይመላለሳል። እንግዲህ ማን ሊያበስልላቸው ነው አለችኝ። ጨው ያለበት ነገር ከበሉ በሳምንት ውስጥ እግራቸው ተመልሶ ያብጣል፣ ከዚያ ሳንባቸው ውኃ ይሞላል፣ እናቴ እባክዎ አለችኝ። የራሷ አባት ይመስል ነበር የምትለምነኝ።

«እኔ ነኛ» አልኳት። «ያስተማርሽው እኔን አይደል? አትስጊ ልጄ። አንዲት ፍሬ ጨው በእሱ አፍ አትገባም።»

አቀፈችኝ። በደንብ ከተያዙ ገና ብዙ ዓመት ይኖራሉ አለችኝና ደረጃውን እየሮጠች ወረደች።

አልጋ ልብሴን ወደ ልጆቹ ክፍል አዛወርኩ። ያን ክፍል ስጠርገው ኖሬያለሁ እንጂ ተኝቼበት አላውቅም። መስኮቱን ከፈትኩ፣ አልጋው ላይ ቁጭ ብዬ መንገዱን አየሁ፤ ሰው ከሥራ ይመለሳል፣ ታክሲው ይጮኻል፣ ፊት ለፊት ያለችው ልብስ ሰፊ ሱቋን ትዘጋለች። ትንሽ ቆይቶ ባሌ «አንቺ» ብሎ ጠራ። አልተነሳሁም። ደግሞ ጠራ። ሦስተኛ ላይ ድምፁን ለወጠ፤ እባክሽ አለ። በዚህ ቤት ያች ቃል የምትባለው ለእንግዳ ብቻ ነበር።

ራቱን ይዤለት ገባሁ። ድንቹን፣ ጎመኑን። ሳህኑን አየው፣ እኔን አየኝ። በቃሽ፣ አዋረድሽኝ፣ የልብሽ ደረሰ፣ አሁን ነይ አጠገቤ ተቀመጪና አብረን እንብላ አለኝ። እንደማባበል ብሎ ጎኑ ያለውን ቦታ በእጁ ዳበስ አደረገው። ሠራተኛ ከጌታዋ ጋር አትበላም አልኩትና ኩሽና ገባሁ። ከጥብሱ የተረፈውን አሙቄ፣ እንቁላል ጨምሬበት፣ በሩን ሳልዘጋ ቁጭ ብዬ ሳልቸኩል በላሁ። እሱም ወዲያ ሲያላምጥ ይሰማኛል፤ ቀስ እያለ፣ እያረፈ፣ እየተነፈሰ።

ይብላ። ልጅቷ ገና ብዙ ዓመት ይኖራል ብላኛለች፣ በደንብ ከተያዘ። በደንብ ነው የምይዘው።